የሦስተኛው እግር መሠረት

ድልድዩ ሲፈርስ ኤረር አልነበርኩም። ጦርነቱ ወደ ባቡሩ መስመር ሲጠጋ እናቴ እኔን ይዛ ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ገብታ ነበር። የተመለስነው ውጊያው ካራማራ ላይ ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ቤታችን ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ተወስዶ ጠበቀን። አባቴ በሕይወት ሳለ የጣቢያ ዘበኛ ስለነበር ባቡር ሳይመጣ የሚውል ኤረርን አላውቅም ነበር። አሁን ግን ጣቢያው ጭር ብሎ ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ይተኛሉ።

ከከተማው ወጣ ብሎ መስመሩ አንድ ሰፊ ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል። ሶማሌዎቹ ቶግ ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ ነው፤ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንዝ ይሆናል። የብረቱ ድልድይ እዚያ አሸዋ ላይ አንገቱን ተሰብሮ ወድቋል። አዲስ ብረት እስኪመጣ ባቡሩ በእንጨት ድልድይ እንዲያልፍ ታዘዘና ሰው መቀጠር ተጀመረ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ። ከሌሎች ሴቶች ጋር ድንጋይና ውሃ ለመሸከም ገባሁ።

ድልድዩ ዘጠኝ እግር ነበረው። ለእያንዳንዱ እግር አሸዋው ተቆፍሮ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይወረዳል፤ ከዚያ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ይገነባል፤ መሠረቱ ላይ ወፍራም አግዳሚ ግንድ ይጋደማል፤ ቋሚዎቹና ማገሮቹ ከዚያ በላይ ናቸው። አናጢዎቹ እንጨቱን ዳር ላይ እየጠረቡ ይዘፍኑ ነበር። እኛ ጉድጓድ ውስጥ ያለነው ግን አንዘፍንም። የአሸዋ ግድግዳ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል።

የሥራው ኃላፊ ሼፍ የምንላቸው ሰው ነበሩ፤ የባቡር ሰዎች አለቃን እንደዚያ ነው የሚጠሩት። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለባቡሩ ድንጋይ ሲያነጥፉ የኖሩ የድሬዳዋ ግንበኛ ናቸው። ግንብ ቀጥ ማለቱን በክር የሚለኩበት ቱምቢያቸው ከኪሳቸው አይለይም። ቁፋሮውን የሚመሩት ደግሞ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ አሸዋ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ስለኖሩ፣ ግድግዳው እንዳይናድ በቁጥቋጦና በቅርንጫፍ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሁላችንም አደር እንላቸዋለን፤ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው።

ሼፍና አደር የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነበር። አንድ ቀን በምልክቱ ሳይግባቡ ተጨቃጨቁ። ድንጋዬን አስቀምጬ ሁለቱንም አስረዳኋቸው፤ ሶማልኛ ከጎረቤት ልጆች ጋር ነው የተማርኩት። ሼፍ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ማንበብና መጻፍስ ታውቂያለሽ?»

«አዎ፣ ሼፍ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ መሸከም ቀረልኝ። የመለኪያውን ዘንግ የምይዝ፣ የሁለቱን ሰዎች ቃል የማመላልስ ሆንኩ። እናቴ እንደ ሹመት ቆጠረችው።

ሥራውን ወታደሮች ይጠብቁ ነበር። አዛዣቸው ካራማራ ላይ ቆስሎ ቀኝ እግሩን የሚጎትት ወጣት መቶ አለቃ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈገግ ሲል ግን አይቼው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስንገባ ወታደሮቹ እኛን ዝም ብለው ያሳልፉናል፤ አደርንና ሌሎቹን ሶማሌ ቆፋሪዎች ግን እጃቸውን አስነስተው ይፈትሻሉ። አደር ሽርጣቸው እየተዳበሰ ወደ ተራራው ያያሉ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ አልፋለሁ።

አንድ ጊዜ ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ «ይህን እንጨት ባቡሩ ሳይደርስ ምስጥ ይበላዋል» ብሎ ቀለደ። ቀልዱን ለወታደሮቹ ማን እንዳደረሰበት አላውቅም፤ ሰውየው ከሥራ ቦታው ተወሰደ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እንኳን ሊቀልድ ሰላምታም በግድ ነው የሚመልሰው። ያ ሰው ዓይኔ ላይ ቀረ።

ሦስተኛው እግር ውሃው በሚበረታበት ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት አልፎ ሲወርድ የአደር ዲጂኖ ድንጋይ እንደመታ ጮኸ። ወርጄ ዘንጉን አቆምኩ። ከእግራችን ሥር ነጣ ያለ፣ ጠጠርና ኖራ አንድ ላይ እንደተጋገረ ያለ ጠንካራ ወለል ተዘርግቷል። ሼፍ በመዶሻ ነካ ነካ አደረጉትና ፊታቸው በራ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እግሮች ሥራው ወደኋላ ቀርቶባቸው ነበር፤ ባቡሩ የሚያልፍበት ቀን ደግሞ ከላይ ተቆርጦ መጥቷል።

መቶ አለቃው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች እያየ፣ «ተገኘ?» አለ።

«የተገኘ ይመስላል» አሉ ሼፍ።

አደር ግን ተንበርክከው በመዳፋቸው ወለሉን ዳበሱት። አፈሩን አሸተቱ። ተረከዛቸውን አንስተው መቱትና ጆሯቸውን አዘነበሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በሶማልኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ይህ ክዳን ነው። ከሥሩ አሸዋ ነው፤ ውሃው በሥሩ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚያቆሙት ነገር ይወድቃል። በይው።»

«ምን አለ?» አሉ ሼፍ።

ቀና ስል የመቶ አለቃውን ቦት ጫማ ጫፍ አየሁ፤ ከጫማው ሥር አሸዋ ፍስስ እያለ ትከሻዬ ላይ ይወርዳል። ይወድቃል የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ቆመ። አንድ ሶማሌ፣ ጦርነቱ በቅጡ ባልበረደበት፣ የመንግሥት ድልድይ ይወድቃል አለ ብዬ በዚያ ሰው ፊት ልናገር ነው። ያ የቀለደው ቆፋሪ ታየኝ።

«ጠንካራ ነው ይላሉ» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ ይላሉ።»

አደር ትንሽ ጊዜ ፊቴን አዩኝ። ከዚያ ዲጂኖአቸውን አንስተው በመሰላሉ ወጡ።

በማግስቱ ግንበኞቹ ገቡ። እኔ ሼፍን ብቻቸውን ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ብቻቸውን ባገኘኋቸው ጊዜ ደግሞ መሠረቱ አንድ ክንድ ወጥቶ ነበር፤ ነገ አልኩ። በነገው አግዳሚው ግንድ ተጋደመ። አራተኛው እግር ሲቆፈር አደር ወለሉን እንደዚያው መትተው አዳመጡና፣ «ይህ ዓለት ነው፣ ጥሩ ነው» አሉ፤ እኔም እንዳሉት አስተላለፍኩ። በአምስተኛውም እንዲሁ።  ሽማግሌው በዘፈቀደ አይናገሩም ማለት ነው። ምግብ አልወርድ አለኝ። እናቴ ወባ መስሏት ኪኒን አመጣችልኝ።

ዘጠኙም እግሮች ቆመው ሐዲዱ ሊነጠፍ ሲል ተራራው ላይ ትንሽ ዝናብ ጣለ። ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ውሃ አሸዋው ላይ እየተጥመለመለ መጣና በአንድ ሰዓት ውስጥ አለፈ። ልጆች ተሯሯጡበት። በማግስቱ ጠዋት ሼፍ እግሮቹን በየተራ ለኩ። እኔ ዘንጉን ሦስተኛው እግር ላይ አቆምኩ። እሳቸው ዳር ላይ ሆነው በባለሦስት እግሩ የመለኪያ መነጽር አዩ።

«ቀጥ አድርጊው።»

«ቀጥ ነው፣ ሼፍ።»

እንደገና አዩ። ወረቀታቸውን አዩ። መጥተው ራሳቸው ዘንጉን ይዘው እኔን በመነጽሩ አሳዩኝ፤ ከዚያ መልሰው ለኩ። እግሩ አንድ ጣት ያህል ወርዷል።

«እንጨቱ ነው፣ እየተቀመጠ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ራሳቸውንም አላሳመናቸውም።

 አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩና ነገርኳቸው። ክዳን ነው እንዳሉ፣ ውሃው በሥሩ ይሄዳል እንዳሉ፣ ይወድቃል እንዳሉ፤ እኔም አልሐምዱሊላህ ብዬ እንደለወጥኩት።

ሼፍ አልተቆጡም። ዲጂኖ አንስተው ከእግሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው አደርን በእጅ ጠሩ። ሁለቱ እየተፈራረቁ ቀኑ እስኪጋመስ ቆፈሩ። ያ ነጭ ወለል ሲደረስ ሼፍ ቆመው መቱት። በሦስተኛው ምት ተሰነጠቀ፤ በአራተኛው ዲጂኖው እጃቸው ድረስ ዘልቆ ገባ። ሲያወጡት ጫፉ እርጥብ ነበር።

ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ።

«ለምን?» አሉኝ።

«መቶ አለቃው ከላይ ቆሞ ነበር። አደርን የሚወስዳቸው መሰለኝ።»

የዲጂኖውን እርጥብ ጫፍ በጣታቸው ዳበሱ። «እኔስ ብሆን» አሉ በመጨረሻ፣ «ጠንካራ ነው ስትይኝ ደስ ብሎኝ አልጠየቅሁም። አርባ ዓመት ስሠራ ሳልበሳ ያመንኩት ወለል ያ ብቻ ነው። ከአሁን በኋላ ቃሉን እንዳለ አምጪልኝ። የሚያስቆጣም ቢሆን።»

«እሺ፣ ሼፍ።»

ወደ መቶ አለቃው ድንኳን የሄዱት ብቻቸውን ነው። ብዙም ሳይቆዩ አንድ ወታደር መጥቶ እኔንና አደርን ጠራን።

መቶ አለቃው የታጠፈ ጠረጴዛ ኋላ የቆሰለ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሼፍ ቆመዋል። ስንገባ የሚናገሩትን ሰማሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወለሉን ሳልበሳ ግንብ አስጀመርኩ ይሉ ነበር። እኔን አላነሱም።

«ባቡሩ በአምስተኛው ቀን ይመጣል» አለ መቶ አለቃው። «እህል ነው የያዘው፣ ወታደርም ይዟል። ድልድዩ ሲወድቅ ማን እንደሚጠየቅ አያስፈልገኝም፤ አሁን የሚያስፈልገኝ ማን ያውቅ እንደነበር ነው። እኚህ ሰው መሬቱን ያውቃሉ ተብለው አይደል የተቀጠሩት?» ወደ እኔ ዞረ። «ጠይቂያቸው። ከሥሩ አሸዋ መሆኑን ያውቁ ነበር ወይ?»

ለአደር በሶማልኛ ጠየቅኳቸው።  አደር መቶ አለቃውን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩት። በእርጋታ እንዲህ አሉኝ፦

«አላወቅሁም በይው። ሽማግሌ ነው፣ ተሳሳትኩ ይላል በይው። ነገሩ እዚሁ ይለቅ።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሙቀት ትዝ ይለኛል፤ ሸራው ላይ ዝንቦች ይነጥራሉ። ገና ከአንድ ሰዓት በፊት ቃሉን እንዳለ አመጣለሁ ብያለሁ። የተነገረኝን ቃል እንዳለ ካመጣሁ ሽማግሌው ሥራቸውን አያውቁም፣ ወይም አውቀው ዝም ብለዋል ይባላል፤ ሁለቱም እሳቸውን ያስወስዳሉ። ሼፍ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«አላወቅሁም በይው ይሉኛል» አልኩ። «ግን ያውቁ ነበር። ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ተናግረዋል፤ እርስዎ ከላይ ቆመው እያዩን ነበር። ይህ ክዳን ነው፣ የቆመበት ይወድቃል ብለው ለእኔ ነገሩኝ። የለወጥኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እርስዎን ፈርቼ።»

መቶ አለቃው እኔን፣ ከዚያ አደርን፣ ከዚያ ደግሞ ራሱ የዘረጋውን እግር አየ። በር ላይ የቆመው ወታደር ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያዛውር ተሰማኝ። አሁን ያስረኛል ብዬ እናቴን ማሰብ ጀመርኩ።

«ለማስተካከል ስንት ቀን ይፈልጋል?» አለ ሼፍን።

«አራት።»

«ሦስት አለዎት» አለ። ከዚያ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ፤ እንድንወጣ ነው። ስለኔ ያለው ነገር የለም። ለብዙ ቀናት መቼ ያስጠራኝ ይሆን እያልኩ ስፈራ ኖርኩ፤ አላስጠራኝም።

ሼፍ ያሰቡት እንዲህ ነበር። እግሩ ሳይፈርስ፣ ቋሚዎቹ በግራና በቀኝ በተደራረበ የሐዲድ እንጨት ይደገፋሉ። ከመሠረቱ ሥር ክዳኑ ተሰብሮ ዓለት እስኪገኝ ይቆፈራል፤ ሁሉም ግን በአንዴ አይከፈትም። ሲሶው ተቆፍሮ በድንጋይ ይሞላል፤ ሲጠነክር ቀጣዩ ሲሶ። ከሥር የሚገባው ሰው ራሱ ላይ ያለው ሸክም ሁሉ በሁለቱ ሲሶ ላይ እንደቆመ እያወቀ ነው የሚሠራው። ማንም እሺ አላለም። አደር ሽርጣቸውን ወደ ላይ አጥፈው ገቡ።

የመጀመሪያው ቀን ያለ ችግር አለፈ። በሁለተኛው ቀን ቋሚው ከላይ ጓ አለና ሁሉም ሸሸ፤ አደር ብቻ ከሥር ቀሩ፣ መውጫው ጠባብ ስለነበር። ሼፍ ቱምቢያቸውን ቋሚው ላይ አንጠልጥለው ትንፋሻቸውን ይዘው ክሩን ሲያዩ ቆዩ። ክሩ አልተነቃነቀም። አደር ከውስጥ ድንጋይ ጠየቁ።

በሦስተኛው ቀን፣ የመጨረሻው ሲሶ ሲከፈት፣ ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጦ ነበር። መቶ አለቃው ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ወታደሮች አቆመ፤ ውሃ ያየ ይተኩስ አለ። ጉድጓዱ ጠባብ ስለነበር ድንጋይ ለአደር የሚያቀብል ቀጭን ሰው ተፈለገ። ገባሁ።

ከግንቡ ሥር እርጥብ ምድር ይሸታል። አደር በሆዳቸው ተኝተው ድንጋይ ያስገባሉ፣ እኔ ከኋላቸው ተንበርክኬ አቀብላለሁ። ትልልቁ ሲያልቅ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው በአማርኛ፣ «ትንንሹን አቀብይኝ» አሉ።

እጄ ላይ ያለው ድንጋይ ወደቀ።

«አማርኛ ያውቃሉ?»

«ጣቢያው ላይ ስንት ዓመት ውሃ ሸጫለሁ። ትንሽ ሳላውቅ እቀራለሁ?»

«ያን ቀንም ሰምተውኛል ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ድንጋዩን ቦታው ላይ አስገብተው በመዶሻ ጠበቅ እስኪያደርጉ አልመለሱም። «አንቺ ለእኔ ፈራሽ» አሉ። «እኔም ለራሴ ፈራሁ። ሌሎቹ ጉድጓዶች ላይ ስሠራ ይህኛው ሁልጊዜ በጀርባዬ ነበር። አቀብይ፣ አባዮ፣ እህቴ። ቶሎ።»

ሌላ ለመናገር ጊዜ አልነበረም። ከሩቅ ተኩስ ተሰማ፤ አንድ፣ ከዚያ ሁለት።

«ውጡ!» አለ መቶ አለቃው ከላይ።

ሼፍ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከው ወደ ውስጥ አዩ። በአዲሱ ግንብና በአሮጌው መሠረት መካከል ገና ሁለት ጣት ክፍተት አለ። ድንጋይ እንደ ሽብልቅ ተመትቶ ካልገባበት፣ አዲሱ ግንብ ምንም አይሸከምም፤ የሦስት ቀኑ ሥራ በሙሉ ዝም ብሎ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

«ስንት ቀረ?» አሉ።

ለአደር አልተረጎምኩላቸውም። «ስምንት፣ ዘጠኝ ድንጋይ» ብለው ራሳቸው አደር በአማርኛ መለሱ። ሼፍ ገርሟቸው እንደሆነ አላየሁም፤ ሲሚንቶ ያለበትን ባልዲ ይዘው ወደ ውስጥ ወረዱ። ሦስታችን እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ስንገፋፋ፣ እኔ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን እየመረጥኩ አቀብላለሁ፣ ሼፍ የሲሚንቶ ማልታውን ይለስናሉ፣ አደር ይመታሉ። ከላይ መቶ አለቃው ደጋግሞ ይጣራ ነበር። ሰባተኛው ድንጋይ ሲገባ ምድሩ ሲጉረመረም በጉልበቴ ተሰማኝ። ስምንተኛው ሰፋ ብሎ አልገባ አለ፤ አደር አዙረው መቱት፤ ገባ።

«በቃ» አሉ።

ከጉድጓዱ ስወጣ ውሃው መጥቷል። ቡናማ ነበር፣ ከፊቱ እንጨትና አረፋ እየገፋ፤ እንደ ሰው ነው የሚመጣው፣ ሳይሮጥ። መቶ አለቃው በዚያ በማይታዘዝ እግሩ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ዳር ስንደርስ ውሃው ጉልበታችን ላይ ነበር። አደርና ሼፍ ተደጋግፈው ከኋላችን ወጡ፤ የሼፍ አንድ ጫማ እዚያው ቀረ።

ከዚያ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ ቆሞ ማየት ብቻ። ወታደሩ፣ አናጢው፣ ድንጋይ ተሸካሚ ሴቶቹ፣ ሁላችንም ዳር ላይ ተደርድረን ዘጠኙን እግሮች አየን። ውሃው ሦስተኛው እግር ላይ ለሁለት ይከፈል ነበር። አንድ የወደቀ ግራር መጥቶ ማገሩ ላይ ተጋደመና ድልድዩ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። አንዲት ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። ግራሩ ተንሸራቶ አለፈ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው ጎደለ።

በማግስቱ ጠዋት ለካን። አንደኛው እግር ዙሪያውን አፈር ተጠርጎበት ስለነበር በድንጋይ ተሞላ። ሦስተኛው አልወረደም። ሼፍ ሁለት ጊዜ አስለኩኝ፤ በሁለተኛው ጊዜ መነጽሩን ለእኔ ሰጥተው ዘንጉን ራሳቸው ያዙ።

ሐዲዱ ቀንና ሌሊት ተነጠፈ፤ ባቡሩ አንድ ቀን ዘግይቶ መጣ። ሾፌሩ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ወርዶ በእግሩ እስከ መሃል ሄደ፣ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ እንደ ኤሊ ገባ። እንጨቱ ይጮኽ ነበር፤ እያንዳንዱ ፉርጎ ሲገባ እንደ አዲስ ይጮኻል። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ሰዉ አላጨበጨበም፤ ሁሉም ትንፋሹን አውጥቶ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። አደር ከፉርጎው ላይ እጁን ለሚያውለበልብ ወታደር እጃቸውን አንስተው መለሱ።

የበላዮቹ ግን ስለ መዘግየቱ ሼፍን አልማሯቸውም። ከወር በኋላ ከመስመር ሥራ ተነሥተው ድሬዳዋ መጋዘን ውስጥ ተመደቡ፤ ጡረታቸው እስኪደርስ ሚስማርና ብሎን ሲያወጡና ሲያስገቡ ቆዩ። ሄጄ ስጠይቃቸው ስለዚያ ቀን ሁለታችንም አላነሳንም። መቶ አለቃው ወደ ሰሜን ተዛወረ ተባለ። ደህና መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

እኔና አደር ከተቀሩት ሠራተኞች ጋር ወደሚቀጥለው ወንዝ ተላክን። አዲሱ ሼፍ ወጣት ነበር፣ ቸኳይ። በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ብዙ ሰው ተሰብስቦ፣ ሁለት ወታደርም ቆመው ሳሉ፣ አደር ወለሉን በተረከዛቸው መትተው፣ «ይህ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ከቆመ ይወድቃል» አሉ፤ በአማርኛ መናገር አልፈለጉም፣ እንዳለ እንዳደርሰው ለእኔ ነው ያሉት። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «አይሆንም ይላሉ፤ እዚህ ላይ ከቆመ ይወድቃል ይላሉ» አልኩ። አዲሱ ሼፍ አላመነንም። ወለሉን እንዲበሳ ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከርነው፤ በሦስተኛው ቀን ዲጂኖውን አነሳ።